ሳሙኤል ጎባት፦ ከጎንደር ደጅ እስከ ኢየሩሳሌም መንበር

ከመተማ ድንበሩን ተሻግሮ በገላባትና በዶካ በኩል ወደ ገዳሪፍ የሚዘልቀው መንገድ ብዙ ዓይነት መንገደኛ አስተናግዷል። የደጋው ነጋዴ ቡናና ሰም ጭኖ ወርዶበታል፤ ጥጥና ጨርቅ ይዞ ተመልሶበታል። በ1889 አፄ ዮሐንስ አራተኛ የወደቁት በዚሁ መንገድ አፍ ላይ ነው። በየዘመኑ ከጦርነትና ከረሃብ የሸሸ ሕዝብም ወደ ገዳሪፍ ምድር ገብቷል። በቅርቡ እንኳ በ2020 መጨረሻ በሰሜን ኢትዮጵያ በተቀሰቀሰው ጦርነት ሳቢያ ድንበር ከተሻገሩት ወገኖች መካከል ብዙዎቹ በ2021 መግቢያ በተከፈተው የቱነይድባ መጠለያ ሠፈሩ።

በዚህ መንገድ ካለፉት መካከል ታሪካቸው እምብዛም የማይነገር አንድ ወገን አለ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ መዶሻና ሞረድ፣ መጋዝና መጽሐፍ ቅዱስ አንድ ላይ ጭነው ከሱዳን ሜዳ ወደ ደጋው ይወጡ የነበሩ ወጣት አውሮፓውያን ናቸው። የላኳቸው ሰው በኢየሩሳሌም የተቀመጡ የአንግሊካን ጳጳስ ነበሩ፤ ስማቸው ሳሙኤል ጎባት ይባላል። ጎባት ኢትዮጵያን በወሬ ብቻ የሚያውቁ ሰው አልነበሩም። በአዲግራት የመሳፍንት እንግዳ ሆነዋል፤ በጎንደር ከሊቃውንት ጋር ተወያይተዋል፤ በደብረ ዳሞ ከጦርነት ሸሽተው ተጠልለዋል። ሆኖም ጳጳስ ከሆኑ በኋላ በቅን ልቡና ለዚችው አገር የወጠኑት ሥራ እርሳቸው ካሰቡት ፈጽሞ የራቀ ፍጻሜ አገኘ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሰውየውን ሕይወት ባጭሩ መተረክና ይህ እንዴት እንደሆነ ማሳየት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ከባላባት ወገን ያልሆኑ ጳጳስ

በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ጳጳስ መሆን ማለት መኳንንት መሆን ማለት ነበር። ከአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ጳጳሳት 26ቱ በመኳንንቱ ምክር ቤት መቀመጫ ነበራቸው፤ ሁሉም «ጌታዬ» እየተባሉ ይጠሩ ነበር። ከእነርሱም ብዙዎቹ ራሳቸው ከታላላቅ ባላባት ቤተሰቦች የተወለዱ ወይም በባላባት ሞግዚትነት ለመንበሩ የበቁ ነበሩ። ጎባት ግን ከዚህ ዓለም የወጡ ሰው አልነበሩም። ጥር 26 ቀን 1799 በስዊዘርላንድ ጁራ ተራሮች መካከል ክሬሚን በምትባል አነስተኛ መንደር ተወለዱ፤ አፋቸውን የፈቱትም በፈረንሳይኛ ነው። ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ሕይወታቸውን ለወንጌል ለመስጠት ቆርጠው ባዝል ከተማ ወደሚገኘው የሚስዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚያም በፓሪስ ዓረብኛ አጠኑ። ወደ እንግሊዝ ተሻግረውም የቤተ ክርስቲያን ሚስዮን ማኅበር በሚባለው ድርጅት ሥር ለኢትዮጵያ ታጩ።

ለኢትዮጵያ የመታጨታቸው ምክንያት መጽሐፍ ነበር። አቡ ሩሚ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ሊቅ በካይሮ ተቀምጠው አሥር ዓመት በፈጀ ድካም መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መልሰው ነበር። የብራናውን ክምር በ1820 የእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው፤ አራቱ ወንጌላት በ1824፣ ሐዲስ ኪዳን በ1829 ታትመው ወጡ። መጽሐፉ ታተመ፤ የሚያደርሰው ሰው ግን አልነበረም። ጎባትና ባልንጀራቸው ክርስቲያን ኩግለር የተመረጡት ለዚህ ነው። በ1826 ግብጽ ቢገቡም የኢትዮጵያ መንገድ እስኪከፈትላቸው ድረስ ሦስት ዓመት ያህል መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። ጎባት በዚህ ጊዜ ወደ ኢየሩሳሌም ወጥተው የኢትዮጵያን መነኮሳት ኑሮ አዩ። ይህ ትውውቅ ከሃያ ዓመታት በኋላ ትልቅ ትርጉም የሚሰጠው ይሆናል።

በዘመነ መሳፍንት ጎንደር

በ1829 መጨረሻ ምጽዋ የደረሱት ጎባትና ኩግለር በሚቀጥለው ዓመት መግቢያ አዲግራት ገብተው በትግራይ ገዥ በደጃዝማች ሱባጋድስ ፊት ቀረቡ። ሱባጋድስ ከአውሮፓ ጋር ወዳጅነት ይፈልጉ ነበርና እንግዶቹን በክብር ተቀበሏቸው። ኩግለር በትግራይ ሲቀሩ ጎባት ብቻቸውን ወደ ጎንደር ተጓዙ።

አገሪቱ የነበረችበት ሁኔታ ለአንባቢ የተሰወረ አይደለም። ጎንደር ላይ የሰሎሞን ዘር ነው የሚባል ንጉሥ ዙፋን ላይ ይቀመጥ እንጂ እውነተኛው ሥልጣን በየጁ መሳፍንት እጅ ነበር። ቤተ ክህነትም በራሷ ክርክር ተከፋፍላ ነበር፤ የተዋሕዶ፣ የቅባትና የጸጋ ሊቃውንት ስለ ክርስቶስ ልደትና ቅብዐት ይከራከሩ ነበር። ክርክሩ በጉባኤ ቃል ብቻ የሚቋጭም አልነበረም፤ እያንዳንዱ ወገን የሚደግፈው መስፍን ነበረውና።

እንዲህ ባለው ከተማ አንድ ነጭ የውጭ አገር ሰው ወንጌል ይዞ ቢገባ ምን ሊገጥመው እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ጎባት ግን በጎንደር ግማሽ ዓመት ያህል በሰላም ተቀመጡ። የእጨጌውን ወዳጅነት አተረፉ፤ ደብተራውም፣ ቄሱም፣ ተራው ሰውም እየመጣ ይጠይቃቸውና ይከራከራቸው ነበር። የጾም፣ የቅዱሳን ምልጃና የእመቤታችን ነገር ሲነሣ እምነታቸውን አልሸሸጉም። ይሁን እንጂ ጠያቂያቸውን ለማሸነፍ ከመቸኮል ይልቅ አማርኛውን መጽሐፍ ገልጠው ቃሉን ራሱ እንዲያነበው ይሰጡት ነበር። የያዟቸውን የወንጌል መጻሕፍት አደሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የመጡት ሌላ ቤተ ክርስቲያን ለማቆም እንዳልሆነ፣ የነበረችው ቤተ ክርስቲያን በራሷ መጽሐፍ እንድትታደስ እንደሚሹ ይናገሩ ነበር።

የዚህን ጠባይ ዋጋ የምናውቀው ከእርሳቸው በኋላ የሆነውን ስናይ ነው። በዓድዋ የተተኳቸው ጀርመናዊው ኢዘንበርግ የአማርኛ ሊቅ ነበሩ፤ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አዘጋጅተዋል። ነገር ግን ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያንን ፊት ለፊት በመንቀፋቸው ካህናቱን አስቆጡ፤ በ1838 ከባልደረቦቻቸው ጋር ከትግራይ ተባረሩ።

በደብረ ዳሞ ጥላ ሥር

ጎባት ወደ ትግራይ ከተመለሱ በኋላ መከራ ተደራረበባቸው። በ1830 መጨረሻ ኩግለር ጠመንጃ ፈንድቶባቸው በቁስሉ ሞቱ። ብዙም ሳይቆይ፣ በየካቲት 1831፣ የሱባጋድስና የየጁው ራስ ማርዬ ጦር ደብረ ዓባይ ላይ ገጠመ። ራስ ማርዬ በውጊያው ሞቱ፤ ሱባጋድስም ተማርከው ተገደሉ። ትግራይን የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ ሊይዟት ተነሡ፤ አገሩ በዘራፊና በሸማቂ ተሞላ።

ጠባቂያቸውን ያጡት ጎባት መሸሻቸው ደብረ ዳሞ ሆነ። ይህ ጥንታዊ ገዳም በገደል አምባ ላይ የተቀመጠ በመሆኑ የሚወጣው በገመድ ነው። በጦርነት ዘመንም ለሸሸ ሰውና ንብረት ሁነኛ ከለላ ነበር። እዚህ ላይ ነገሩን ቆም ብሎ ማየት ይገባል። ከአገራቸው ባሕርና በረሃ የለያቸው፣ በሃይማኖት ከገዳሙ መነኮሳት የማይስማሙ የውጭ አገር ሰው ነፍሳቸውን ያተረፉት ሊያድሷት በመጡት ቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ነበር። መጠለያ ፍለጋ ቀዬውን ጥሎ የተሰደደ ሰው የዚህን ትርጉም ከሌላው ይልቅ ያውቀዋል። ጎባትም ቢሆኑ በኋለኛው ዘመን ኢትዮጵያውያንን በሚመለከት ነገር ሁሉ ያሳዩት ልዩ ስሜት ከዚያ ዘመን የተነሣ ይመስላል።

በ1833 ወደ ግብጽ ተመለሱ፤ የጉዞ ማስታወሻቸው በሚቀጥለው ዓመት በእንግሊዝኛ ታትሞ ስለ ኢትዮጵያ ለማወቅ በሚሻው የአውሮፓ አንባቢ ዘንድ በሰፊው ተነበበ። በ1834 ማሪያ ጼለር የተባሉትን ወይዘሪት አግብተው ከኢዘንበርግ ጋር እንደገና ወደ ዓድዋ መጡ። በዚህኛው ጊዜ ግን ሕመም አልጋ ላይ ጥሏቸው ስለቆየ ምንም ሳይሠሩ በ1836 አገሪቱን ለቀቁ። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያን ዳግመኛ አልረገጧትም።

የኢየሩሳሌም መንበር

ከ1839 ጀምሮ ጎባት በማልታ ደሴት የዓረብኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉምንና የማተሚያ ቤቱን ሥራ ይቆጣጠሩ ነበር። በዚያው ዘመን ደግሞ የፕሩሲያ ንጉሥ ፍሬድሪክ ቪልሄልም አራተኛና የእንግሊዝ መንግሥት በኢየሩሳሌም የጋራ ጳጳስ ለመሾም ተስማሙ። በእንግሊዝ በኩል ለዕቅዱ የደከሙት በወንጌላዊነታቸውና ለድሆች በመሟገት የታወቁት ባላባት፣ ኋላ የሻፍትስበሪ ልዑል የተባሉት ሎርድ አሽሊ ነበሩ። በ1841 በወጣው ደንብ መሠረት ጳጳሱን ሁለቱ ዘውዶች እየተፈራረቁ ይመርጣሉ። የመጀመሪያው ጳጳስ ሚካኤል ሰሎሞን አሌክሳንደር ከአይሁድ ወገን የተወለዱ ሰው ነበሩ። እርሳቸው በ1845 ሲሞቱ ተራው የፕሩሲያ ሆነ። ንጉሡም የክሬሚኑን መንደርተኛ መረጡ። ጎባት በሐምሌ 1846 ለንደን ውስጥ በላምቤት ቤተ ጸሎት ጵጵስና ተቀቡ፤ በዓመቱ መጨረሻም ኢየሩሳሌም ገቡ።

መንበሩ ከመጀመሪያው ክርክር ያልተለየው ነበር። በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የጥንቱን ሥርዓት አጥብቀው የሚይዙት ወገኖች ከሉተራውያን ጋር የተደረገውን ይህን ጋብቻ ተቃወሙ። ዝነኛው ጆን ሄንሪ ኒውማን ከአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን እንዲለዩ ከገፏቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የኢየሩሳሌም ጵጵስና እንደሆነ ራሳቸው ጽፈዋል። ጎባት ከተሾሙ በኋላ ደግሞ የምሥራቅ ክርስቲያኖችን ከቤተ ክርስቲያናቸው ያስኮበልላሉ የሚል ክስ ቀረበባቸው። በ1853 ከአንድ ሺሕ በላይ የእንግሊዝ ካህናት የተቃውሞ ጽሑፍ ላይ ፈረሙ። የካንተርበሪ፣ የዮርክ፣ የአርማና የዳብሊን ሊቃነ ጳጳሳት ግን ለጎባት መቆማቸውን በይፋ አስታወቁ። በዚህ ክርክር ውስጥ ጎባት የመኳንንት ልጅ አለመሆናቸው፣ በእንግሊዝ አገርም ዘመድና ወገን የሌላቸው መሆኑ ሳይጎዳቸው አልቀረም። ያቆማቸው እንደ ሻፍትስበሪ ያሉ ወዳጆቻቸው ድጋፍ ነበር። ከሞቱም በኋላ በ1884 በታተመው የሕይወት ታሪካቸው ላይ መቅድሙን የጻፉት እኚሁ ልዑል ናቸው።

በኢየሩሳሌም የሠሩት ሥራ በአብዛኛው የትምህርት ሥራ ነው። በፍልስጥኤም ከተሞችና መንደሮች ትምህርት ቤቶች ከፈቱ፤ በጽዮን ተራራ ላይ የቆመው በስማቸው የሚጠራ ትምህርት ቤት ለብዙ ዘመን ታዋቂ ሆኖ ኖሯል። በያፋ በር አጠገብ የተሠራውን የክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1849 የባረኩት እርሳቸው ናቸው።

ለኢትዮጵያውያን አንባብያን ይበልጥ የሚቀርበው ግን የዴር ሱልጣን ጉዳይ ነው። በ1838 በኢየሩሳሌም የገባው ወረርሽኝ የኢትዮጵያን ማኅበር መነኮሳት ፈጃቸው፤ መጻሕፍታቸውም በሽታ ያስተላልፋሉ በሚል ሰበብ ተቃጠሉ። ከዚያ ወዲያ በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ያለው ገዳም የማን እንደሆነ የሚያሳይ ማስረጃ ጠፋ፤ ከግብጻውያን ቅብጦች ጋር የነበረው የቁልፍ ክርክርም ከረረ። ጠባቂ መንግሥት ያልነበራቸው መነኮሳት ዞር ብለው ያገኙት አማርኛ የሚያውቀውን ጳጳስ ነው። ጎባትና የእንግሊዝ ቆንስል ጀምስ ፊን በቱርክ ሹማምንት ፊት ስለ መነኮሳቱ ተሟገቱ። የኢትዮጵያ መሳፍንትም የእንግሊዝ መንግሥት መነኮሳቱን እንዲጠብቅላቸው በደብዳቤ ይማጠኑ ነበር። ክርክሩ በዚያ ዘመን አልተቋጨም፤ እስከ ዛሬም እልባት አላገኘም። ሆኖም ማኅበሩ ሊጠፋ በተቃረበበት ሰዓት ከጎኑ ከቆሙት ጥቂት ሰዎች መካከል ጎባት ይቆጠራሉ።

መጋዝና መጽሐፍ

በየካቲት 1855 የቋራው ካሳ ደረስጌ ማርያም ላይ አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ዜናው ኢየሩሳሌም ሲደርስ በጎባት ልብ ውስጥ ለሃያ ዓመታት የቆየው አሳብ ተነሣ። ከኢዘንበርግ መባረር የተማሩት ነገር ነበር፤ ሰባኪ ነኝ ብሎ የሚመጣ ሰው በካህናቱ ዘንድ ጠላት ይሆናል። በአንጻሩ አናጺ፣ አንጥረኛና ግንበኛ የማይፈልግ ንጉሥ የለም። እንግዲያው ቅስና የሌላቸው፣ በእጃቸው ሠርተው የሚበሉ፣ በኑሯቸው ምሳሌ የሚሆኑና መጽሐፉን በጸጥታ የሚያድሉ ሰዎች ቢላኩስ? እንዲህ ያሉትን ወጣቶች የሚያሠለጥን ቤት ደግሞ በባዝል አቅራቢያ ነበር። በ1840 በሽፒትለር የተመሠረተው የቅድስት ክሪሾና ትምህርት ቤት ነው።

መንገዱን እንዲያጠኑ አስቀድመው የተላኩት ሸዋን ቀደም ሲል ያወቁት ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍና ወጣቱ ማርቲን ፍላድ ናቸው። በ1855 ንጉሠ ነገሥቱንና አቡነ ሰላማን አግኝተው አነጋገሩ። አቡኑ በልጅነታቸው ካይሮ በሚስዮናውያን ትምህርት ቤት የተማሩ በመሆናቸው ነገሩ እንግዳ አልሆነባቸውም። የእጅ ባለሙያዎች ቢመጡ መልካም አቀባበል እንደሚደረግላቸው ተነገራቸው። ክራፕፍ በሕመም እየተንገላቱ ሲመለሱ የያዙት መንገድ ከጎንደር በመተማ፣ ከዚያም በሰናርና በካርቱም በኩል ወደ ካይሮ የሚወስደውን ነው።

በ1856 ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንጽለን የተባሉ አራት ወጣቶች ወደ ኢትዮጵያ ገቡ፤ በ1859 ደግሞ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ዛልሙለር ተከተሉ። የክሪሾና ሰዎች ይህን መንገድ ዘለቄታ ያለው ለማድረግ «የሐዋርያት መንገድ» የተባለ ዕቅድ አወጡ። በሐዋርያት ስም የሚጠሩ አሥራ ሁለት ማረፊያዎች ከግብጽ ተነሥተው፣ ዓባይን ተከትለው፣ ኢትዮጵያ ድረስ በሰንሰለት ሊዘረጉ ታሰበ። ከታሰቡት ውስጥ ጥቂቶቹ ብቻ ቆሙ፤ ከእነርሱም መካከል እስክንድርያ፣ ካይሮ፣ ካርቱምና መተማ ይገኛሉ። ሠራተኞቹን ትኩሳት ጨረሳቸው፤ ዕቅዱም ብዙ ሳይቆይ ከሰመ።

መተማ በዚያ ዘመን የታወቀች የድንበር ገበያ ነበረች። ከዳርፉር መጥተው የሠፈሩት ተክሩሮች ያስተዳድሯት ነበር፤ ሼኾቻቸውም በአንድ በኩል ለግብጽ፣ በሌላ በኩል ለኢትዮጵያ ይገብሩ ነበር። ገዳሪፍ ደግሞ በሹክሪያ ባላባቶች ስም «ሱቅ አቡ ሲን»፣ ማለትም የአቡ ሲን ገበያ፣ ትባል ነበር። በእነዚህ ሁለት ገበያዎች በኩል ያልፍ የነበረው የጎባት ደብዳቤ በሁለት መንግሥታት ጥርጣሬ መካከል ይጓዝ ነበር ማለት ነው። ይህ ጥርጣሬ ኋላ ምን ያህል ውድ ዋጋ እንዳስከፈለ እንመለከታለን።

ጋፋት

አፄ ቴዎድሮስ ባለሙያዎቹን በደስታ ተቀበሉ። በደብረ ታቦር አቅራቢያ ጋፋት ላይ አሠፈሯቸው፤ መሬትና ደመወዝ ሰጧቸው፤ «ልጆቼ» እስከ ማለትም ቀረቧቸው። ዋልድማየር የንጉሡ ወዳጅ የነበሩትን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ አገቡ፤ እናቷ ኢትዮጵያዊት ነበረች። ባለሙያዎቹ መንገድ ጠረጉ፣ ሠረገላ ሠሩ፣ ለኢትዮጵያውያን ወጣቶችም ሙያ አስተማሩ።

ንጉሠ ነገሥቱ ከሁሉ አብልጠው የሚሹት ግን መድፍ ነበር። ከቱርክና ከግብጽ ጋር ተፋጥጠው፣ በውስጥም ሸፍጥ ከቧቸው ለሚኖሩ ንጉሥ ይህ የሚያስገርም አልነበረም። የጋፋት ሰዎች መድፍ መሥራት እንደማያውቁ ተናገሩ። ንጉሡ ግን «አናውቅም» የሚለውን መልስ አልተቀበሉም፤ ሞክሩ አሉ። ብዙ ሙከራ ከሽፎ በስተመጨረሻ ናሱ ፈሰሰ፣ መድፉ ተቀረጸ። የሁሉም ታላቅ ሴባስቶፖል የተባለው፣ ክብደቱ ወደ ሰባት ቶን የሚጠጋው መድፍ ሆነ። ወንጌልን በመጋዝና በመዶሻ ሊያስተምሩ የተላኩት ሰዎች የመሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ሆነው አረፉት።

ጎባት የተሳሳቱት የት ላይ ነው? ሰባኪው የማይገባበት ቤት ባለሙያው እንደሚገባ በትክክል አይተዋል። ያላዩት ነገር ባለሙያው አንዴ ከገባ በኋላ የሚሠራውን የሚመርጠው የቤቱ ጌታ መሆኑን ነው። በ1830 ጎንደር ላይ ጎባት የማንም አገልጋይ አልነበሩም፤ የሚሰጡት መጽሐፍ ብቻ ነበርና የተጠየቁትም ስለ መጽሐፍ ነበር። ጋፋት ያሉት ልጆቻቸው ግን ለንጉሥ የሚያስፈልግ ነገር በእጃቸው ነበር። የሚያስፈልግ ሰው ደግሞ በፈለገ ጊዜ የሚሄድ ሰው አይደለም። ኢየሩሳሌም የተቀመጠው ጳጳስ ደብዳቤ መጻፍ እንጂ በመካከል ገብቶ ማስታረቅ አይችልም ነበር።

ከመተማ እስከ መቅደላ

የቀረው ታሪክ በሰፊው የታወቀ ስለሆነ ዋና ዋናውን ብቻ እናንሣ። አፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ ወዳጅነት የሚጠይቅ ደብዳቤ ጻፉ፤ መልስ ግን አላገኙም። ቆንስል ካሜሮንም ደብዳቤውን ራሳቸው ይዘው በመሄድ ፈንታ በከሰላና በመተማ በኩል ሲዘዋወሩ ቆዩ፤ ንጉሡም ከጠላቶቼ ከቱርኮች ጋር ተመሳጥረው መጡ ብለው ጠረጠሯቸው። በቤተ እስራኤል መካከል ይሰብክ የነበረው ሄንሪ ስተርን ስለ ንጉሡ ትውልድ በመጽሐፉ የጻፈው ነገር ሲታወቅ ደግሞ ቁጣው ነደደ። ስተርን በ1863 ተገርፎ ታሰረ፤ በ1864 መግቢያ ካሜሮን በሰንሰለት ተያዙ። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም በ1865 ከምጽዋ ተነሥተው በከሰላና በመተማ በኩል የመጡት እስረኞቹን ለማስፈታት ነበር፤ እርሳቸውም ታሰሩ።

በዚህ ሁሉ መካከል የጎባት ሰዎች ከሁለቱም ወገን የሚጠረጠሩ ሆኑ። ፍላድ በ1866 ሚስታቸውንና ልጆቻቸውን በመያዣነት ትተው የንጉሡን ደብዳቤ ወደ ለንደን አደረሱ፤ ማምለጥ ሲችሉም በቃላቸው መሠረት ተመለሱ። አቡነ ሰላማ በ1867 በመቅደላ እስር ላይ ሳሉ አረፉ። ሴባስቶፖል ከደብረ ታቦር መቅደላ እስኪደርስ ድረስ በሺሕ የሚቆጠር ሰው ገደል እየጠረገ፣ ወራት በፈጀ ድካም ጎተተው። የናፒየር ጦር ግን መድፉን አልፎ ሄደ። ሚያዝያ 10 ቀን 1868 አሮጌ ላይ ውጊያ ሆነ፤ በሦስተኛው ቀን ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ። የጋፋት ባለሙያዎችም ከተፈቱት እስረኞች ጋር አገሩን ለቀው ወጡ።

ጎባት ከዚህ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖሩ። ግንቦት 11 ቀን 1879 በኢየሩሳሌም አረፉ፤ በጽዮን ተራራ ባለው የፕሮቴስታንቶች መካነ መቃብር ተቀበሩ። ባለቤታቸውም በዚያው ዓመት ተከተሏቸው። ሁለቱ መንግሥታት የተዋዋሉበት የጋራ ጵጵስና ራሱ ብዙም አልቆየ፤ በ1886 ፕሩሲያ ስምምነቱን ትታ ወጣች።

ምን ቀረ?

ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ ወድቆ ይታያል፤ አምሳያው በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ለቴዎድሮስ የዘመናዊነት ጥማት ሐውልት የሆነው ይህ መድፍ በኢየሩሳሌም ይኖሩ የነበሩ የአንድ ጳጳስ የከሸፈ አሳብ ምልክትም ጭምር መሆኑን ግን ጥቂቶች ብቻ ያስታውሳሉ።

ሌላው ቅርስ ከናስ የተሠራ አይደለም። ጎባት በጎንደር ያደሉት ወንጌል በካህናት ቋንቋ ሳይሆን ሕዝቡ በሚናገረው አማርኛ የተጻፈ ነበር። አማርኛ ለጨዋታና ለደብዳቤ እንጂ ለመጻሕፍት አይሆንም በሚባልበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። የአፄ ቴዎድሮስን ታሪክ በግእዝ ፈንታ በአማርኛ የጻፉት ደብተራ ዘነብ ከእነዚሁ ሚስዮናውያን ጋር ቅርበት የነበራቸው ሰው ናቸው፤ ድርሰታቸው ጀርመን ደርሶ በ1902 በኤኖ ሊትማን አዘጋጅነት ታተመ። ከቤተ እስራኤል ወገን የተወለዱት ሚካኤል አረጋዊም በክሪሾና ተምረው ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ዋልድማየር ደግሞ ከመቅደላ በኋላ ወደ ሊባኖስ ሄደው የብሩማናን ትምህርት ቤትና የአስፉሪየን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረቱ። የሚያዝዛቸው ንጉሥ በሌለበት ቦታ እጃቸው የሠራው ትምህርት ቤትና ሆስፒታል መሆኑ ብዙ የሚናገር ነው።

ጎባት የባላባት ልጅ አልነበሩም፤ ሠራዊትም፣ ሀብትም አልነበራቸውም። ኢትዮጵያ ውስጥ ከበሬታ ያገኙት እንግዳ ሆነው በገቡበት፣ በተጠለሉበትና በተከራከሩበት ጊዜ ነበር። መንበር ላይ ተቀምጠው ከሩቅ ሲያስቡላት ግን አሳባቸው ከእጃቸው ወጣ። በመተማና በገዳሪፍ በኩል ዛሬም ለዚህ አካባቢ ሕዝብ በጎ ያሰቡ ሰዎች ከሩቅ የወጠኑትን ዕቅድ ይዘው ያልፋሉ፤ ሣጥናቸው ውስጥ ያለውም የሚጠቅም ነገር ነው። የጎባት ታሪክ የሚያስታውሰን ግን ሣጥኑ ደጃፉ ላይ ከደረሰ በኋላ በውስጡ ያለው ዕቃ ለምን እንደሚውል የሚወስነው ላኪው እንዳልሆነ ነው። ያን ለማወቅ ቢያንስ ጎንደር ላይ እንደተቀመጡት ወጣት ቁጭ ብሎ ማድመጥ ያስፈልጋል።